ነርሲንግ ልማር? ወጪውስ ያዋጣል? ከአዲስ አበባ ዳርቻ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ቁጥር በቱሉ ዲምቱ፣ በለገጣፎ፣ በቡራዩና በገላን ያሉ ተማሪዎችና ወላጆች የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤያለሁ፤ እኔም ነርስ ነኝ።

ነርስ ለመሆን ስንት መንገድ አለ?

ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው ዲግሪ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና አልፋችሁ ዩኒቨርሲቲ ወይም ዲግሪ የሚሰጥ የግል ኮሌጅ ትገባላችሁ። አራት ዓመት ገደማ ይፈጃል። ሁለተኛው የቴክኒክና ሙያ መንገድ ነው። ሰው ዛሬም «ዲፕሎማ» ይለዋል፤ ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ግን «ደረጃ 4»፣ «ደረጃ 5» እየተባለ ነው። እዚያ ትምህርቱን መጨረስ ብቻ አይበቃም። ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘናም ማለፍ አለባችሁ።

ሁለቱም ነጭ ጋውን ይለብሳሉ፤ አንድ ዋርድ (የሆስፒታል ሕሙማን ክፍል) ውስጥም ጎን ለጎን ይሠራሉ። ልዩነቱ የሚታየው በደመወዝ፣ በዕድገትና ውጭ አገር በመሥራት ዕድል ላይ ነው። ውጤቱ ካላችሁ ዲግሪውን ምረጡ። ቶሎ ሥራ ይዞ ቤተሰብ መርዳት ግድ ለሆነበት ግን የደረጃው መንገድ ያጥራል። በዚያ ገብተው፣ እየሠሩ ተምረው ዲግሪ የያዙ ብዙ ጎበዝ ነርሶች አውቃለሁ።

12ኛ ክፍል ላይ ስንት ማምጣት አለብኝ?

በቀጥታ ዲግሪ ለመግባት 50 በመቶና ከዚያ በላይ። የግል ኮሌጅም ቢሆን ይህን መዝለል አይችልም። ነርሲንግ ደግሞ የሚቀበለው የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎችን ነው። ፈተናው ከ2014 ተፈታኞች ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የሚያልፈው ተማሪ ጥቂት ነው። በዚያ ዓመት 50 በመቶ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ። ስለዚህ ልጃችሁ ካላለፈ አትሸማቀቁ፤ ልጁንም አታሸማቅቁት።

ከ50 በታች ላመጡ ሪሚዲያል የሚባል የማካካሻ ትምህርት አለ። የመግቢያ ነጥቡን ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ ያሳውቃል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲም፣ ፈቃድ ባላቸው የግል ተቋማትም ይሰጣል። «ሪሚዲያል ምን ያደርግላችኋል፣ በቀጥታ ዲግሪ እናስገባችኋለን» የሚል ኮሌጅ ካጋጠማችሁ ግን ውጡና ሂዱ። መግቢያው ያልተስተካከለ ዲግሪ ሲመረመር ይወድቃል። ያኔ ብሩም ዓመታቱም አይመለሱም።

ዩኒቨርሲቲ ከተመደብኩ ነርሲንግ መግባቴ እርግጥ ነው?

አይደለም። መጀመሪያ ፍሬሽማን የሚባለውን የጋራ ትምህርት ትማራላችሁ። ዲፓርትመንት የሚደርሳችሁ ከዚያ በኋላ በምርጫና በውጤት ነው። ነርሲንግ የምትፈልጉ ከሆነ ፍሬሽማን ላይ አትዘናጉ። ብዙ ተማሪ «አንዴ ገብቻለሁ» ብሎ የሚላላው እዚህ ላይ ነው።

የመንግሥት ይሻላል ወይስ የግል?

ውጤቱ ከፈቀደላችሁ የመንግሥት። ይህን ሳላመነታ ነው የምለው። መንግሥት ዘንድ የሚከፈለው በወጪ መጋራት ነው። ውል ትፈርማላችሁ፣ ተመርቃችሁ ሥራ ስትይዙ ከደመወዛችሁ ይቆረጣል። ዛሬ ኪሳችሁ ውስጥ ብር ባይኖርም ትማራላችሁ። ሌላው ጥቅም ሆስፒታሉ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎች ጥቁር አንበሳ ውስጥ ይማራሉ፤ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተማሪዎች ደግሞ ትምህርት ቤታቸው ራሱ ሆስፒታል ነው። በሽተኛውን ፍለጋ ከተማ አይዞሩም።

አንዳንድ ወላጅ ልጁ ጎንደር ወይም ጅማ ሲመደብ «ከዓይኔ አይራቅ» ብሎ እዚሁ ሰፈር የግል ኮሌጅ ያስገባዋል። የወላጅ ስጋት ይገባኛል፤ መንገዱም ጊዜውም ያሳስባል። ግን ጎንደርም ጅማም ያላቸው የማስተማሪያ ሆስፒታል ትልቅና የቆየ ነው። የጸጥታው ነገር የማይከለክል ከሆነ ልጁን ላኩት።

የግል ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። በደንብ የሚያስተምሩ አሉ። ልዩነቱን ማወቅ ግን የእናንተ ሥራ ነው፤ የሚቀጥሉት ጥያቄዎች ለዚያ ነው።

ኮሌጁ ሕጋዊ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ለዲግሪ ፈቃድ የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ለቴክኒክና ሙያው ደግሞ ኮሌጁ ያለበት ከተማ ወይም ክልል ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት። እኛ ዳርቻ ላይ ያለን ሰዎች እዚህ ጋ መጠንቀቅ አለብን። ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎና ገላን በሸገር ከተማ ሥር፣ ማለትም ኦሮሚያ ናቸው። አንድ ኮሌጅ መሀል አዲስ አበባ ፈቃድ ስላለው ብቻ ቡራዩ የከፈተው ቅርንጫፍ ፈቃድ አለው ማለት አይደለም።

ፈቃዱን ስታዩ ሦስት ነገር አንብቡ፦ የትምህርቱን ዓይነት፣ የካምፓሱን አድራሻና የሚያበቃበትን ቀን። ኮሌጁ ለአካውንቲንግ ፈቃድ ኖሮት ለነርሲንግ ላይኖረው ይችላል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፎቶ አንስታችሁ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ድረስ ሄዳችሁ ጠይቁ። ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ የአራት ዓመት ኪሳራ ግን ያድናል። በርቀት ነርሲንግ እናስተምራለን የሚል ካጋጠማችሁ ደግሞ መጠየቅም አያስፈልግም፣ ሽሹ።

«በወር ይሄን ያህል ነው» ይሉኛል። ሙሉ ወጪው ስንት ነው?

በወር የሚነገራችሁ ቁጥር ከወጪው አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ለምሳሌ በወር 3,000 ብር አሉ እንበል። በዓመት አስር ወር ብትከፍሉ 30,000፣ በአራት ዓመት 120,000 ብር ይሆናል። በዚያ ላይ በየዓመቱ ዋጋ ሊጨምሩ ይችላሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «በወር ስንት ነው?» ሳይሆን «እስክመረቅ በጠቅላላ ስንት ነው? ጭማሪ ካለስ በውሉ ላይ ተጽፏል?» ይሁን።

ቀጥሎ ያልተነገራችሁን ጠይቁ። የምዝገባ ክፍያ በየሴሚስተሩ ነው ወይስ አንዴ? ሆስፒታል ለልምምድ ስንወጣ ለብቻው ታስከፍላላችሁ? የላቦራቶሪ፣ የቤተ መጻሕፍት፣ የመታወቂያስ? አንድ ኮርስ ብወድቅ ድጋሚ ለመውሰድ ስንት ነው? የምርምር ጽሑፍና የምረቃ ክፍያ አለ? የሲኦሲ መመዘኛውንስ ማን ይከፍላል? አብዛኛው ሰው የሚሰናከለው ሦስተኛና አራተኛ ዓመት ላይ በሚመጡ ክፍያዎች ነው፤ ያኔ ደግሞ ማቋረጥ ከባድ ነው።

ከኮሌጁ ውጭም ወጪ አለ። ጋውን ቢያንስ ሁለት ያስፈልጋል፤ አንዱ ታጥቦ እስኪደርቅ ሌላው ይለበሳል። የልብ ማዳመጫና የደም ግፊት መለኪያ አለ፤ ከተመረቁ ልጆች ያገለገለ መግዛት ይቻላል። ቀኑን ሙሉ የሚያስቆም ጫማ፣ ኮፒ፣ ምሳ፣ ትራንስፖርት። የጉበት ቫይረስ ክትባትም አትርሱ። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው ነው፤ በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ይወሰዳል። ዋርድ ከመግባታችሁ በፊት ጀምሩት። መርፌ ተማሪን ይወጋል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። በዚህ ላይ ብር አትቆጥቡ።

ከዳርቻ እየተመላለስኩ መማር እችላለሁ?

የክፍል ትምህርቱ ጊዜ አዎ። ልምምድ ሲጀመር ግን ይከብዳል። ጠዋት የተረኞች ርክክብ ላይ መድረስ ያለበት ተማሪ ከቱሉ ዲምቱ በሌሊት ነው የሚነሳው። ታክሲ ሰልፍ፣ አውቶቡስ፣ ከዚያ ሌላ ታክሲ። ማታ ተረኛ የሆናችሁ ቀን ደግሞ መመለሻ የለም። ከአያት አካባቢ ያላችሁ ባቡሩ ትንሽ ያግዛችኋል።

ስለዚህ ኮሌጁ የት እንዳለ ብቻ ሳይሆን ተማሪዎቹን ለልምምድ የት እንደሚልክ ጠይቁ። ለአቃቂ፣ ለገላንና ለቱሉ ዲምቱ ልጆች ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ቅርብ ነው፤ ለኮተቤና ለካራ ልጆች የካ ኮተቤ ሆስፒታል አለ፤ በጀሞ በኩል ላላችሁ ደግሞ አለርት ሆስፒታል። ኮሌጃችሁ ከእነዚህ ጋር የሚሠራ ከሆነ ብዙ የትራንስፖርት ብርና ብዙ እንቅልፍ ይተርፋችኋል። ከተማ መሀል ዘመድ ካላችሁ ለልምምዱ ወራት ማረፊያ ለምኑ። አክስትና አጎት ለዚህ ጊዜ ነው።

ከሁሉ በላይ ምን ልጠይቅ?

ዋርዱን። ይህን ለሁሉም ሰው የምለው ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ነርስ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብሎ አይፈጠርም። ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ማስገባት በአሻንጉሊት ክንድ ይጀመራል፤ የሚለመደው ግን ደም ሥሩ በጠፋ ሽማግሌ ክንድ፣ በምታለቅስ ሕፃን እጅ ላይ ነው፤ ያውም ልምድ ያላት ነርስ አጠገባችሁ ቆማ። ቁስል ማጠብ፣ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ማስገባት፣ ማታ ላይ የበሽተኛው ትንፋሽ ሲለወጥ ነቅቶ ሐኪም መጥራት፣ ሰው የሞተባትን እናት ይዞ ማስቀመጥ፣ ይህ ሁሉ በመጽሐፍ አይገባም።

ስለዚህ ለሬጅስትራሩ እነዚህን ጠይቁ፦ ከየትኛው ሆስፒታል ጋር ውል አላችሁ? ውሉ አሁንም ይሠራል? አንድ አስተማሪ ዋርድ ውስጥ ስንት ተማሪ ይይዛል? ማዋለጃ፣ ሕፃናት፣ ቀዶ ሕክምና፣ አእምሮ ሕክምና ሁሉንም እናያለን? ከዚያ ተቀብላችሁ ዝም አትበሉ። አራተኛ ዓመት ተማሪዎችን በር ላይ ጠብቁና «ባለፈው ወር የት ነበራችሁ? በእጃችሁ ምን ሠራችሁ?» በሏቸው። «ቆመን ነው ያየነው» ካሉ ያንን ኮሌጅ ተዉት። ሠላሳ ልጅ አንድ አልጋ ከቦ ቆሞ ልምምድ ተብሎ ሲፈረምለት አይቻለሁ፤ ልቤን ያቆስለዋል። ልጆቹ ከፍለዋል፣ ወላጅ ከፍሏል፣ በኋላ ደግሞ በሽተኛው ይከፍላል።

በዋጋ ርካሹን ኮሌጅ ከማየታችሁ በፊት ዋርድ የሚያስገባውን ለዩ። ዋጋ የምታወዳድሩት ከእነዚያ መካከል ይሁን።

ደም እፈራለሁ። ይሆንልኛል?

ብዙዎቻችን ፈርተን ነው የጀመርነው። መጀመሪያ ቀን ራሱን የሳተ ተማሪ ዛሬ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይሠራል። ደሙ ይለመዳል። የማይለመደው ሰው ላይ መሰልቸት ነው። ትውከት ሲጸዳ፣ አልጋ ላይ የዋለ ሽማግሌ ሲገላበጥ፣ አስታማሚ ሲጮህባችሁ ትዕግሥት ከሌላችሁ ሙያው ያሰቃያችኋል፤ እናንተም በሽተኛውን ታሰቃያላችሁ። ከመመዝገባችሁ በፊት የታመመ ዘመድ ሆስፒታል ሲተኛ ሁለት ሦስት ሌሊት አስታምሙ። ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ወንድ ልጅ ነርስ ቢሆን ያስኬዳል?

በደንብ። አገራችን ውስጥ ወንድ ነርስ በየሆስፒታሉ ሞልቷል። ይህ ጥያቄ የሚመጣው ከወላጅ እንጂ ከበሽተኛ አይደለም።

የመውጫ ፈተና ብወድቅስ?

ከ2015 ጀምሮ የመንግሥትም የግልም የዲግሪ ተማሪ አገር አቀፍ የመውጫ ፈተና ይወስዳል። ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ያላለፈ ተማሪ ኮርሱን ሁሉ ጨርሶ እንኳ ዲግሪውን አያገኝም። ድጋሚ መፈተን ግን ይቻላል። ሰማይ አይደፋም፤ ጊዜና ብር ግን ይወስዳል።

ይህ ፈተና ለእናንተ ለወላጆች ጥሩ መለኪያ ሆኗል። «ባለፈው ዓመት ካስፈተናችሁት የነርሲንግ ተማሪ ስንቱ አለፈ?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚኮራ ኮሌጅ ቁጥሩን ይነግራችኋል። የሚያድበሰብስ ከሆነ መልሱን አገኛችሁ። ከምረቃ በኋላ ለመሥራት ደግሞ የሙያ ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ በየጊዜው ይታደሳል፤ ለማሳደስም ተከታታይ የሙያ ሥልጠና መውሰድ ይጠየቃል። ትምህርቱ በምረቃ አያበቃም።

ደመወዙ ወጪውን ይመልሳል?

ቁጥሩን እንይ። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ጀማሪ ሠራተኛ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ሆኗል። የሥራ ግብርና 7 በመቶ ጡረታ ሲቀነስ እጅ ላይ የሚደርሰው 8,600 ብር አካባቢ ነው። የተረኛ ክፍያ ሲጨመር ትንሽ ከፍ ይላል። የግል ሆስፒታል ክፍያ ከቤት ቤት ይለያያል፤ አንዳንዱ ከመንግሥት ይበልጣል፣ አንዳንዱ ያንሳል። ብዙ ነርስ ሁለት ቦታ የሚሠራው ለዚህ ነው።

አሁን ከላይ ያልነውን 120,000 ብር አምጡት። ከቤተሰብ ጋር እየኖራችሁ በወር 2,000 ብር መለየት ብትችሉ አምስት ዓመት ይፈጃል። ቤት ተከራይታችሁ የምትኖሩ ከሆነ ግን ያንን 2,000 ብር ማግኘት ራሱ ፈተና ነው። የጤና ባለሙያዎች በግንቦት 2017 የደመወዝ ጥያቄ አንስተው ሥራ እስከማቆም የደረሱት ያለ ምክንያት አይደለም። ጥያቄው የእኔም ጥያቄ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሰው ነፍስ የሚጠብቅ ሰው ጠዋት የታክሲ ብር ሊያሳስበው አይገባም።

እንግዲህ የእኔ ሚዛን ይህ ነው። በወጪ መጋራት ከሆነ ያዋጣል። በግል ከሆነ፣ ዋርድ የሚያስገባ ኮሌጅና ዕዳ የማያስገባ ክፍያ ከተገኘ ያዋጣል። ተበድሮ፣ ልምምድ በሌለው ኮሌጅ መማር ግን አያዋጣም።

ተመርቄ ሥራ አገኛለሁ?

እንደ ድሮው ተመርቆ ወዲያው በዕጣ መመደብ ቀርቷል። ማስታወቂያ ትጠብቃላችሁ፣ ትፈተናላችሁ። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ቤት የሚቀመጡ አሉ። ይህን ደብቄ ተመዝገቡ አልልም። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ቦታ ሲወጣ ፋይል ይዞ የሚሰለፈው ሰው ብዙ ነው፤ ከከተማ ራቅ ያለ ወረዳ ለመሄድ ፈቃደኛ የሆነ ልጅ ቀድሞ ይቀጠራል።

ልምምድ ላይ ሳላችሁ ስማችሁን ሥሩ። ዋርድ ኃላፊዋ ሲስተር የትኛው ተማሪ በሰዓቱ እንደሚመጣ፣ የትኛው ስልክ ላይ እንደሚውል ታያለች። የግል ክሊኒክ ሰው ሲፈልግ የሚጠይቀው እሷን ነው። በእኛ ሰፈር ክሊኒኮችም ብዙ ጊዜ ሰው የሚገባው በእንዲህ ዓይነት ምስክርነት ነው።

ውጭ አገር ለመሄድ ብዬ ብማርስ?

ዕድሉ አለ፤ ብዙዎች ሄደዋል። ግን ተመርቆ በነጋታው የሚሆን አይደለም። አብዛኛው አገር የዲግሪ ነርስ፣ የሥራ ልምድ፣ የእንግሊዝኛ ፈተናና የራሱን የሙያ ፈተና ይጠይቃል። አሜሪካ ኤንክሌክስ የሚባለውን ያስፈትናል። እንግሊዝ ደግሞ የኮምፒውተርና የተግባር ፈተና አለው። የባሕረ ሰላጤው አገሮችም የየራሳቸው አላቸው። ብዙ ጊዜ ዲግሪያችሁ እዚህ እንዲረጋገጥ ትጠየቃላችሁ። ፈቃድ በሌለው ኮሌጅ የተማረ ሰው መንገዱ የሚዘጋበት እዚህ ላይ ነው።

የምመክረው ይህን ነው፦ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ እንግሊዝኛችሁን አጠንክሩ። የሥራ ልምድ ደብዳቤያችሁን በየጊዜው ተቀበሉ። ደላላ «ፈተና የለውም፣ በሦስት ወር ትሄዳለህ» ሲላችሁ ብር አትስጡ። በነርስነት ብሎ ወስዶ ለሌላ ሥራ የሚያሰልፍ አለ።

ቤተሰቤ የመሬት ካሳውን ወይም የዕቁቡን ብር ለትምህርቴ ሊከፍል ነው። ልቀበል?

ይህ ከሁሉ የሚከብደኝ ጥያቄ ነው። በገላንና በሰበታ በኩል መሬታቸው ለልማት ተወስዶ ካሳ የተቀበሉ ገበሬዎች አሉ። ብሩ አንዴ ነው የሚመጣው። መሬቱ ደግሞ አይመለስም። አባት «ልጄ ነጭ ልብስ ትልበስልኝ» ብሎ ያንን ብር ሲያወጣ የሚከፍለው የቤተሰቡን የዕድሜ ልክ ጉርስ ነው።

ልጅቷ ውጤቱ ኖሯት፣ ሙያውን ፈልጋው፣ ኮሌጁ ከላይ ያሉትን ጥያቄዎች በአግባቡ ከመለሰ ተቀበሉ፤ ለልጅ ትምህርት ማውጣት አያስቆጭም። ነገር ግን ሙሉውን ባንድ ጊዜ አትክፈሉ። «የአራት ዓመቱን ካጠቃለላችሁ ቅናሽ እናደርጋለን» ቢሏችሁም እሺ አትበሉ። ኮሌጅ ሊዘጋ፣ ፈቃዱ ላይታደስ፣ ልጅቷም ሐሳቧን ልትቀይር ትችላለች። በየሴሚስተሩ ክፈሉ። የቀረውን ባንክ በጊዜ ገደብ አስቀምጡት፣ ወለዱ ለትራንስፖርቱ ይሁን። ታናናሾቹን አስቡ፤ አንዷ ስትማር ሌሎቹ ከትምህርት መቅረት የለባቸውም። አባት ወረቀቱን ማንበብ ካልቻለ የሚያምነውን ሰው ይዞ ይሂድ፤ ውሉ ውስጥ ትምህርት ቢቋረጥ ብር ይመለሳል ወይስ አይመለስም የሚለውን ያስነብብ። ክፍያው በኮሌጁ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ እንጂ በግለሰብ ስም አይግባ፤ ደረሰኙም እስክትመረቅ ድረስ ቤት ውስጥ ይቀመጥ።